ጥላ የሌለው ሥዕል

«ሥዕሉ በአሣሣሉ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ጥላ ስለሌለው ጥልቀት ይጐድለዋል፤ ስለዚህ ኮሚቴው ሊቀበለው አልቻለም።» ይህ ዐረፍተ ነገር በአንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የመሥሪያ ቤቱን ስም ማንሣት ለጉዳያችን አይጠቅምም፤ የጸሓፊውን ግን መሰወር አይገባንም። በዚያ ቀን የኮሚቴው ጸሓፊ እኛ ነበርን፤ ዐረፍተ ነገሩም የእኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ረዥም መተላለፊያ የሚሆን ሥዕል ይፈለግ ነበርና ሁለት ሠዓሊዎች ሥራቸውን አቀረቡ። አንደኛው በዘመናዊ ትምህርት ቤት የሠለጠነ ወጣት ሲሆን፣ ሥዕሉ በምሽት እንስራ አዝላ ከወንዝ የምትመለስ ሴት ያሳያል፤ የፊቷ ግማሽ በብርሃን፣ ግማሹ በጥላ ነው፤ ከበስተኋላዋ ያለው አገር ሁሉ ጠቍሯል። ሁለተኛው በቤተ ክህነት ያደጉ አዛውንት ነበሩ፤ እርሳቸው ያመጡት የገና ጨዋታ ነው። የተጫዋቾቹ ዐይን ትልልቅ፣ ልብሳቸው ነጭ፣ ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ቢጫ፤ ከአንዱም ሰው እግር ሥር ጥላ የሚባል ነገር አልወደቀም። ከአባሎቹ አንዱ፣ «አባታችን፣ ጨዋታው ፀሓይ በሌለበት ቀን ነበር እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም ሣቅን። አዛውንቱ አልሣቁም፤ አልተቈጡምም። «ጌቶቼ፣ ለመሆኑ የሚሰቀልበት ቦታ መስኮት አለው?» አሉ። የቀረበላቸው ጥያቄ ያልገባቸው መሰለንና ነገሩን አልፈን ወደ ድምፅ መስጠቱ ሄድን።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የአዛውንቱ ጥያቄ ነው። መልሱ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብናልና፣ አንባቢም በትዕግሥት እንዲከተለን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። ጥላ በቋንቋችን ብዙ ሥራ አለው። መንገደኛ በቀትር ከዋርካ ሥር የሚፈልገው ጥላ ነው። ልጁን ጥላሁን ብሎ የሚሰይም አባት መጠጊያ እንዲሆነው መመኘቱ ነው። ግርማ ያለውን ሰው ጥላው ከባድ ነው እንላለን፤ ግርማ የራቀውን ጥላ ቢስ እንለዋለን። ጥላ ወጊ የሚባለውን ሰው የሚፈራ ሁሉ የሚፈራው፣ ጥላው የተወጋ አካሉም የሚወጋ ስለሚመስለው ነው። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ጥላ የብርሃን መታጣት ብቻ አይደለም፤ የሰው ክብደት ምልክት ነው። ኮሚቴያችንም ያን ሥዕል ጥላ የለውም ሲል፣ ሳያውቀው አንድ ስድብ ጨምሮበታል ማለት ነው።

ጥላ በሥዕል ላይ ምን እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። መብራት በጠፋበት ማታ አንድ እንቍላል በነጭ ወረቀት ላይ አኑሮ ኩራዙን በስተግራው ያስቀምጥ። እንቍላሉ ወደ ኩራዙ በዞረበት በኩል ያበራል፤ ከዚያ እየደበዘዘ ይሄድና በስተቀኙ ይጨልማል። ይህ በአካሉ ላይ የሚያድር ጥላ ነው። እንቍላሉ ድቡልቡል መሆኑን ሳንዳስሰው የሚነግረን እርሱ ነው። ከእንቍላሉ በስተቀኝ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የተዘረጋ ሌላ ጥላ አለ። ይህ አካሉ የሚጥለው ጥላ ነው፤ እንቍላሉ በአየር ላይ ያልተንሳፈፈ፣ በቦታ ላይ የተቀመጠ መሆኑን የሚያስረዳን ይህኛው ነው። ተመልካቹ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ ቢያተኵር ሦስተኛም ነገር ያገኛል፤ በእንቍላሉ ጨለማ ጫፍ ላይ ከነጩ ወረቀት ተመልሶ የሚመጣ ደካማ ብርሃን አለ። ኩራዙን ቢያርቀው ጥላው ይለወጣል፤ ዝቅ ቢያደርገው ጥላው ይረዝማል፤ ብዙ ኩራዝ በዙሪያው ቢያስቀምጥ ግን ጥላው እየሳሳ ሄዶ ሊጠፋ ይቀርባል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በ79 ዓ.ም. የሞተው ሮማዊው ጸሓፊ ፕሊኒ ስለ ቅርጽ ሥራ መነሻ የሚከተለውን ተረት ትቶልናል። ቡታዴስ የሚባል ሸክላ ሠሪ በቆሮንቶስ ይኖር ነበር። ልጁ የምትወደው ጐልማሳ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ፣ በመብራት ፊት አቁማ የፊቱን ጥላ በግድግዳው ላይ በመስመር ከበበችው፤ አባቷም በመስመሩ ውስጥ ጭቃ ሞልቶ ቀረጸው። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን አንከራከርበትም። የሚያስደንቀን ልጅቱ ከጥላው የወሰደችው ምን እንደ ሆነ ነው። የወሰደችው መስመሩን ብቻ ነው፤ ጨለማውን ተወችው።

ጨለማውን ለመውሰድ ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ በፍሎሬንስ ከተማ ማዛቾ የሚባል ወጣት ተነሣ። ይህ ሰው በ1401 ተወልዶ በ1428 የሞተ፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው ሠዓሊ ነው። በሳንታ ማርያ ዴል ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን በብራንካቺ ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ከሣላቸው ሥዕሎች አንዱ፣ የሐዋርያት ሥራ በአምስተኛው ምዕራፍ የሚናገረውን ያሳያል፤ ይኸውም ሕዝቡ ጴጥሮስ ሲያልፍ ጥላው እንዲያርፍባቸው ድውዮችን በአደባባይ ማኖራቸው ነው። እስቲ አንድ ሠዓሊ ይህን ታሪክ ያለ ጥላ እንዴት አድርጎ ይሥለዋል?

ማዛቾ ጴጥሮስን በጠባብ ጐዳና ወደ እኛ እንዲራመድ አድርጎታል። ድውዮቹ በግድግዳው ሥር ተሰልፈዋል። ጥላው ያለፈባቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ አንዱ በመነሣት ላይ ነው፤ ከፊት ያለው እግሩ የሰለለው ሰው ግን ገና በመሬት ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ጴጥሮስ አንዱንም አያይም፤ ዐይኑ ወደ ፊት ነው። እጁንም አይዘረጋም። ሥራውን የሚሠራው ጥላው ነው፤ ጥላውም ከእርሱ ኋላ ቀረት ብሎ እንደ ታማኝ አሽከር ይከተለዋል። በዚህ ሥዕል ጥላው ቢፋቅ የሚጐድለው ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ ይጠፋል። ሰዎቹ ያለ ምክንያት ተሰልፈው የቆሙ ይመስላሉ።

ከዚህም ሌላ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የጴጥሮስ ጥላ የሚወድቀው ወደ ግራ ነው፤ ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣል ማለት ነው። በጸሎት ቤቱም ውስጥ ከዚህ ሥዕል በስተቀኝ በኩል እውነተኛ መስኮት አለ። ማዛቾ ብርሃኑን ከልቡ አልፈጠረም፤ ቤቱ ከሚሰጠው ተቀበለ እንጂ። አዛውንቱ ሠዓሊያችን ስለ መስኮት ሲጠይቁን ማዛቾ ያወቀውን ነገር መጠየቃቸው ነበር።

ከማዛቾ በኋላ ስለ ጥላ ብዙ የጻፈው ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ (1452–1519) ነው። እርሱ የጥላ ጫፍ እንደ ቢላዋ መሳል የለበትም ይላል፤ ብርሃኑና ጥላው እንደ ጢስ እየተዋሐዱ መሄድ አለባቸው። ፊትን ለመሣል ደግሞ ማታ ወይም ደመና በጋረደው ቀን የሚገኘውን ብርሃን ይመርጣል። በባላገር ማጀት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ጢሱ በሣር ክዳኑ ሥር ተንሳፎ፣ በበሩ የገባው ብርሃን ከምድጃው አጠገብ በተቀመጡት ሴት አያታችን ጕንጭ ላይ ሲያርፍ ያየን ሁሉ፣ ሌዎናርዶ የተናገረውን አይተናል፤ ስሙን ብቻ አላወቅነውም።

ነገር ግን ጥላ ልብን የሚነካበትን መንገድ ለመመርመር ከሌዎናርዶ ይልቅ ካራቫጆ (1571–1610) ይሻለናል። በሮም ከተማ በሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን፣ ኮንታሬሊ በሚባለው ጸሎት ቤት፣ በ1599 እና በ1600 የሣለው «የማቴዎስ መጠራት» የተባለ ሥዕል አለ። ነገሩ የሚፈጸመው በአንድ ጨለማ ክፍል ነው። አምስት ሰዎች ገንዘብ በፈሰሰበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ቀራጮች ናቸውና ሒሳብ ይዘዋል። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች አብዛኞቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆንን፣ ሥዕሉ የመሥሪያ ቤት ሥዕል መሆኑን ልብ ብናደርግ አይከፋም። ከቀኝ በኩል ክርስቶስ ከጴጥሮስ ጋር ገብቶ እጁን ዘርግቷል። አብዛኛው አካሉ በጨለማ ተውጧል፤ የሚታየው ፊቱና እጁ ነው። ከራሱ በላይ ግን አንድ የብርሃን ጨረር ገብቶ፣ ግድግዳውን አጋድሞ ተሻግሮ፣ በተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ ያርፋል።

በክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ መስኮት ተሥሏል፤ ይህ መስኮት ምንም ብርሃን አይሰጥም። ካራቫጆ መስኮቱን ሥሎ ብርሃኑን የነሣው አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ብርሃኑ የሚመጣው ክርስቶስ ከገባበት በኩል ነው። ስለዚህ ጨረሩ ጥሪውን ተሸክሞ ይገባል፤ ሰዎቹ የተጠሩት በቃል ይሁን በብርሃን ለይቶ መናገር አይቻልም። ጥላውም እንዲሁ ሥራ አለው። በጠረጴዛው ጫፍ አንገቱን ደፍቶ ገንዘብ የሚቈጥረው ወጣት በጥላ ውስጥ አጐንብሷል፤ ጥሪውን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ቈጠራውን ሊጨርስ ፈልጓል። ጢማሙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ራሱ ነው ወይስ ወደዚህ ወጣት? ማቴዎስ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ይህን ክርክር ያቆየው ጥላው ነው። ሁሉ በእኩል ብርሃን ቢሣል ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር። ሠዓሊው ሊናገር ያልፈቀደውን ነገር በጨለማው ውስጥ አኖረው፤ ተመልካቹም እስኪያገኘው ድረስ ይቆማል።

ጣልያኖች ይህን ዐይነት አሣሣል «ኪያሮስኩሮ» ይሉታል፤ ብሩህና ጨለማ ማለት ነው። ስሙን የሚያውቅ ሰው በከተማችን ብዙ ነው። እኛም ከእነርሱ አንዱ ነበርን፤ ስሙን ካወቅን ነገሩን ያወቅን መስሎን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ይህን ሥዕል ያየነው በመጽሐፍ ታትሞ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉ የትም አይደለም፤ በነጭ ወረቀት መካከል ያለ አንድ አራት ማዕዘን ነው። በቦታው ላይ ግን ከመሠዊያው በላይ መስኮት አለ፤ የሥዕሉም ብርሃን የሚመጣው መስኮቱ ባለበት አቅጣጫ ነው። ከማዛቾ ያየነው ነገር እዚህም ይደገማል። ጥላን በማወቅ ስማቸው የገነነው እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ ጥላቸውን የሣሉት ለአንድ የታወቀ ግድግዳና ለአንድ የታወቀ መስኮት ነበር። እኛ ግን ጥላውን ከግድግዳው ፈልቅቀን፣ በሁሉ ቦታ የሚሠራ የጥልቀት ደንብ አደረግነው።

ጨለማ ሁሉ የሠዓሊ ጥበብ አለመሆኑን ደግሞ የሆላንዱ ሬምብራንት (1606–1669) ታላቅ ሥራ ያስረዳናል። በ1642 ለአምስተርዳም ከተማ ዘበኞች ማኅበር የሣለው ሥዕል በዓለም የታወቀው «የሌሊት ዘብ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት ግን ሬምብራንት አይደለም፤ ሠዓሊው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የወጣ ስም ነው። በዚያን ጊዜ በላዩ የተቀባው ቫርኒሽና የተጠራቀመው እድፍ ሥዕሉን አጥቍሮት ስለ ነበር፣ ተመልካቹ ሁሉ ዘበኞቹ በሌሊት የወጡ መሰሉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 እና በ1947 ሲጸዳ፣ የቀን ብርሃን ከእድፉ ሥር ብቅ አለ። እንግዲህ ስንት ሰው በቫርኒሹ ጥቍረት ፊት ቆሞ የሬምብራንትን የጥላ ጥበብ አድንቆ ሄዶ ይሆን?

እውነተኛው የሬምብራንት ጥላ ከእድፉ ሥር ሌላ ቦታ ይገኛል። ጥቍር የለበሰው የዘበኞቹ አለቃ ፍራንስ ባኒንክ ኮክ እየተናገረ ግራ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል። የእጁ ጥላ በአጠገቡ በሚራመደው በምክትሉ ብሩህ ቢጫ ልብስ ላይ ያርፋል። ይህች ጥላ ከመዳፍ አትበልጥም፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከወዴት እንደሚመጣ፣ እጁ ምን ያህል ወደ እኛ እንደ ወጣ፣ ሁለቱም ሰዎች ምን ያህል እንደተቀራረቡ በአንድ ጊዜ ትነግረናለች። ከዚያ ሁሉ ጨለማ ይልቅ ይህች አንዲት ጥላ ትበልጥብናለች።

አሁን ወደ አገራችን ሥዕል እንመለስ። በተማሪነታችን ጊዜ የተነገረን፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጥላን አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ሥዕላቸው ጠፍጣፋ ሆነ የሚል ነው። ይህን ዐሳብ ለብዙ ዓመታት ይዘነው ኖረናል፤ ቃለ ጉባኤውንም የጻፈው ይኸው ዐሳብ ነው። ነገሩን ስንመረምረው ግን ከታሪክ ጋር አይስማማም።

በ1590 እና በ1591 በሮም ከተማ በዐረብኛ የታተመ ወንጌል ነበር፤ በውስጡም አንቶንዮ ቴምፔስታ የሣላቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ይገኛሉ። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችን ገብቶ፣ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የነበሩ የጐንደር ሠዓሊዎች ለወንጌል መጻሕፍት ሥዕል አርአያ አድርገውታል። የሁለቱን ሥዕሎች ጐን ለጐን ያስተያየ ሰው የሰዎቹን አቋቋምና የነገሩን አቀማመጥ ከሮሙ መጽሐፍ እንደ ወሰዱት ያያል። የቴምፔስታ ሥዕል ግን በጥቃቅን ሰረዝ በተሠራ ጥላ የተሞላ ነው፤ የጐንደሩ ሠዓሊ ያን ሁሉ ሰረዝ ትቶ በቦታው ቀይና ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም በንጹሕ ሞላ። ጥላው በዐይኑ ፊት ነበር። አይቶታል፤ ትቶታልም። ይህን ሰው ጥላን አያውቅም ማለት፣ ጠጁ ቀርቦለት አልጠጣም ያለውን እንግዳ ጠጅ አያውቅም እንደማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት፣ አሣሣሉ ተለወጠ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እንደሚታየው፣ የቅዱሳኑ ጕንጭና አንገት በቀይ ዳማ ቀለም እየደበዘዘ የሚሄድ ጥላ አለው፤ ፊታቸው እንደ እንቍላላችን ድቡልቡል ሆኗል። ሁለቱን ዐይነት ጥላዎች የለየንበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። የጐንደር ሠዓሊ በአካል ላይ የሚያድረውን ጥላ ተቀበለ፤ አካል የሚጥለውን ጥላ ግን አልተቀበለም። ፊቱ ሥጋ ለብሷል፤ ከእግሩ ሥር ግን በምድር ላይ ምንም አልወደቀም። አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ደግሞ ካለ ማወቅ አይመጣም።

ስለ ምን ተወው? ለዚህ ሁለት መልስ እንሰጣለን፤ ሁለቱም የራሳችን አስተያየት ናቸው።

የሚወድቅ ጥላ ሰዓት አለው። ረዥም ጥላ ያየ ሰው ጧት ነው ወይም ማታ ነው ይላል፤ አጭር ጥላ ያየ ቀትር ነው ይላል። ጥላ የጣለ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ የቆመ ሰው ነው። ካራቫጆ የፈለገው ይህን ነበር፤ ማቴዎስ የተጠራባትን ያችን አንዲት ቅጽበት። የእኛ ሠዓሊ ግን ጊዮርጊስን የሚሥለው ዘንዶውን ትላንት በዘጠኝ ሰዓት እንደ ገደለ አድርጎ አይደለም። ሥዕሉ በየዓመቱ በዓሉ የሚከበርለት፣ በየዕለቱ የሚለመን ሰማዕት ሥዕል ነው። ሰዓት ለሌለው ነገር የሰዓት ምልክት አይደረግለትም። በእንቍላሉ ዙሪያ ብዙ ኩራዝ ሲቀመጥ ጥላው ይጠፋል ያልነውን አንባቢ ያስታውስ፤ ብርሃን ከአንድ ወገን ሳይሆን ከሁሉ ወገን ሲመጣ የሚወድቅ ጥላ አይኖርም። በዚህ አሣሣል ክፉዎቹ በአንድ ዐይን፣ ጻድቃኑ በሁለት ዐይን ይሣላሉና፣ ደጉን ከክፉው የሚለየው ዐይን እንጂ ብርሃንና ጨለማ አይደለም።

ሁለተኛው መልሳችን የቤቱ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርገን እንናገራለን። ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ብዙው ሥዕል ያለው በመሀል ባለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ይህን ግድግዳ የውጭው ግድግዳ ከቦታል፤ የቀን ብርሃን የሚደርሰው በደጆቹና በመስኮቶቹ በኩል አልፎ፣ ደክሞ ነው። ከጥላ የተሠራ ሥዕል በዚህ ቦታ ቢሰቀል ምን ይሆናል? ጨለማው ከጨለማው ጋር ይቀላቀልና ከፊቱ ጥቂት፣ ከእጁ ጥቂት ብቻ ተለይቶ ይቀራል። በጥቍር መስመር ተከብቦ በንጹሕ ቀለም የተሞላው ግን ከሩቅ ይነበባል። ዐይኑ ትልቅ የሆነው፣ ነጩ የነጣው በከንቱ አይደለም።

ነገሩን በዐይናችን ያረጋገጥነው በአንድ የበዓል ዋዜማ ነው። ማኅሌት ተቆሞ ሳለ ዲያቆናቱ ጧፍ ይዘው በመቅደሱ ዙሪያ ያልፉ ነበር። ጧፉ ሲቀርብ የሚካኤል ሰይፍ ቀላ፤ ክንፉ ሰፋ። የመቋሚያዎቹና የሰዎቹ ጥላ በግድግዳው ላይ ወጣ፤ በሥዕሉ ውስጥ ካሉት ሠራዊት ጋር ተደባልቆ ይንቀሳቀስ ጀመር። ጧፉ ሲርቅ ሁሉም ተመልሶ ወደ ጨለማው ገባ፤ ዐይኖቹ ብቻ ቀሩ። ያን ጊዜ፣ ይህ ሥዕል ጥላ የለውም ብሎ የሚከራከረን ሰው ቢመጣ እንስቅበት ነበር። ጥላው በቤቱ ነው፤ በእኛ በቆምነው ነው። ሠዓሊው ጥላ ያልሣለው፣ ጥላ የሚያመጣ ሕዝብ በፊቱ እንደሚቆም ስላወቀ ነው ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም።

ይህን ስንል ዛሬ ያለው ሠዓሊ ጥላን ይተው ማለታችን አይደለም። ሎንዶን የተማሩት አፈወርቅ ተክሌ (1932–2012) ጥላን አጥብቀው የሚያውቁ ሠዓሊ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ መቶ ኀምሳ ሜትር ካሬ የሚሸፍኑትን የመስታወት ሥዕሎች ሲሠሩ፣ ብርሃኑ በሥዕሉ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ነውና ሰዎቹን በጥቍር መስመርና በጠራ ቀለም አቆሙአቸው። በሸራ ላይ ሌላ፣ በመስታወት ላይ ሌላ። ሰውየው ግድግዳቸውን ጠይቀዋል።

የምናዝነው በትምህርት ቤቶቻችን ስለሚታየው ነገር ነው። በአንድ የተማሪዎች ሥዕል ትርኢት ላይ ተገኝተን ነበር። ከቀረቡት ብዙዎቹ በእርሳስ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ልጆቹ እርሳሱን በጣታቸው እያሹ ጕንጩን፣ አንገቱን፣ ልብሱን ሁሉ አጥቍረውታል። የአንዱ ፊት ጥላ በስተግራ፣ የአፍንጫው ጥላ በስተቀኝ ነው። ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው ብለን ብንጠይቀው፣ ልጁ ደንግጦ «ጋሼ፣ ጥላ ካልተደረገበት ነጥብ ይቀነሳል» አለን። ይህ ጥላ ሳይሆን ጥላሸት ነው። አንዲት ተማሪ ደግሞ የሰፈሯን ገበያ በጥቍር መስመርና በውኃ ቀለም ሥላ ነበር፤ ጃንጥላዎቹ በየቀለማቸው ተደርድረዋል፤ አንዱም ጥላ አልጣለም፤ ገበያው ግን ይጮኻል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «አላለቀም» የሚል ተጽፎበታል። መምህራን ሆይ፣ ያን ቀይ ጽሑፍ ስናይ ያፈርነው በእናንተ አይደለም። ቃሉ የእኛ የቃለ ጉባኤ ቃል ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። በብዙ ቦታ የቈዩት የግድግዳ ሥዕሎች ከውጭ አገር በመጡ የታተሙ ሥዕሎች አርአያ በተሠሩ አዳዲስ ሥዕሎች እየተተኩ ነው። አዳዲሶቹ ጥላ አላቸው፤ ነገር ግን ጥላው የየትኛውም መስኮት ጥላ አይደለም፤ ከወረቀቱ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ብርሃን በግራ በሚገባበት ቤት ጥላው ወደ ግራ ይወድቃል። አዲሱን የሚያሠሩት ሰዎች ፍቅር እንጂ ክፋት የላቸውም፤ አሮጌው ጥልቀት የሌለው መስሎአቸው ነው። ይህን ያስተማርናቸው ተምረናል የምንለው እኛ ነን። የተፋቀውም ግድግዳ እንደ ሬምብራንት ሥዕል ቫርኒሹ ተጠርጎ አይመለስም።

ወደ መተላለፊያው እንመለስ። የወጣቱ ሥዕል እስከ አሁን እዚያው ተሰቅሏል። ወጣቱን አንወቅስም፤ ሥዕሉን የሠራው መስኮቱ በሰፋ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ለኮሚቴው በቀረበበትም አዳራሽ ምሽቱና የሴቲቱ ድካም ልብ ይነካ ነበር። መተላለፊያው ግን መስኮት የለውም። አምፑሉ ሲበራ ብርሃኑ በቫርኒሹ ላይ ያንጸባርቅና ሴቲቱን ይሰውራታል፤ ሲጠፋ ሥዕሉ ከግድግዳው አይለይም። አዛውንቱ የገና ጨዋታቸውን ጠቅልለው፣ በነጠላቸው ሥር ሸጕጠው፣ እጅ ነሥተውን ወጥተዋል። ባለፈው ሰሞን ጉዳይ ሊያስፈጽሙ የመጡ አንድ ባለጉዳይ በዚያ መተላለፊያ አስቁመውን፣ «ጌታዬ፣ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ጥቍር ሰሌዳ ይህ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።